አላድግም ያሉት ትኋኖች እና የወጥ ቤታችን በረሮ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለትምህርት በሄድኩበት አገር ከሦስት ተማሪዎች ጋር የተከራየነው ቤት በበረሮ ተወረረ። ማታ የወጥ ቤቱን መብራት ስናበራ ግድግዳው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። አከራያችን ባለሙያ ላከልን። ሰውየው ፍሊት ይዞ ይመጣል ብለን ዕቃችንን ሸፋፍነን ስንጠብቀው፣ በየጥጋጥጉ ቡናማ ቅባት ጠብ ጠብ አደረገ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥርና ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የጠርሙስ ክዳን የሚያክሉ ክብ ፕላስቲኮች ለጠፈ፣ በቃ ሄደ። ሽታ የለ፣ ጭስ የለ። ከመውጣቱ በፊት ወደ ፕላስቲኩ እየጠቆመ "ነገም ብታዩአቸው አትደንግጡ፤ ይሄኛው አይገድላቸውም" አለን።

የማይገድል የበረሮ መድኃኒት! አብሮኝ የሚኖረው ልጅ "ታዲያ ምን ያደርግላቸዋል፣ ይመክራቸዋል?" ብሎ ሳቀ።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ወለሉ ላይ አንድ እንግዳ በረሮ አገኘሁ። አድጓል፣ ክንፍ አውጥቷል፤ ግን ክንፎቹ እሳት እንደነካው ወረቀት ጫፋቸው ተጠቅልሎ ወደ ላይ ተቀልብሷል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ስለ ነፍሳት የማውቀው ከእናንተ አይበልጥም ነበር። ያን ዕለት ግን ማንበብ ጀመርኩና ያገኘሁት ታሪክ ከበረሮው በላይ ያዘኝ። እስቲ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የእኛ አጥንት ከውስጥ ነው፤ ሥጋችን ከላዩ እየሰፋ ያድጋል። የበረሮ አጥንት ግን ከውጭ ነው። ካይቲን የሚባል ነገር ያለበት ጥሩር ለብሶ ነው የሚዞረው፤ ጥሩር ደግሞ ከባለቤቱ ጋር አብሮ አያድግም። ስለዚህ ሲጠበው አሮጌውን ሰንጥቆ ይወጣል፣ አዲሱ ገና ለስላሳ ሳለ ራሱን ይወጥራል፣ ከዚያ ይደርቃል። ወጥ ቤት ውስጥ ነጭ በረሮ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሌላ ዝርያ እንዳይመስላችሁ፤ ልብሱን ገና አሁን የቀየረ ነው።

የጀርመን በረሮ የሚባለው ትንሹ ቡናማ በረሮ እስኪጎለምስ ስድስት ሰባት ጊዜ እንዲህ ልብስ ይቀይራል። ክንፍና የሚሠራ የመራቢያ አካል የሚያገኘው በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። አንበጣም እንደዚሁ ነው፤ አማርኛ ክንፍ ላላወጣው ልጅ አንበጣ ኩብኩባ የሚል ስም አለው። ለበረሮ ልጅ ግን ስም ያወጣለት አላገኘሁም፤ ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ኩብኩባን ልዋስለት። እንደ የእሳት እራትና እንደ ነቀዝ ያሉት ደግሞ መንገዳቸው ይለያል፦ ከእንቁላል ትል የሚመስል እጭ፣ ከእጭ እንቅስቃሴ የሌለው ፑፓ፣ ከፑፓ ባለ ክንፍ።

ታዲያ አንድ ኩብኩባ "አሁንም ልጅ ሆኜ ልቀጥል" ወይም "ይበቃኛል፣ ልጎልምስ" የሚለውን በምን ያውቃል? ለእኔ ይሄ ጥርት ያለ የቁጥጥር ምህንድስና ጥያቄ ነው። የሆነ ቦታ ሰዓት የሚጠብቅ አለ፤ የሆነ ምልክት ይላካል፤ ምልክቱን የሚቀበል አለ።

ምልክቱ በየት በኩል እንደሚሄድ በመጀመሪያ ያሳየው ፖላንዳዊው ስቴፋን ኮፔች ነው። በ1917 ባወጣው ሥራው የአባ ጨጓሬን ወገብ በክር ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ቀደም ብሎ ሲያስር የፊቱ ግማሽ ወደ ፑፓ ተለወጠ፣ የኋላው ግማሽ ግን አባ ጨጓሬ እንደሆነ ቀረ። ዘግይቶ ሲያስር ሁለቱም ተለወጡ። ነርቩን መቁረጥ ምንም አላመጣም፤ አንጎሉን በጊዜ ማውጣት ግን ለውጡን አስቀረው። እንግዲህ መልእክቱ ከአንጎል ተነስቶ በሽቦ ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ ነው የሚሄደው ማለት ነው። ነፍሳት ሆርሞን አላቸው የሚለው ሐሳብ ያኔ ብዙ ሰው የሚቀበለው አልነበረም። ኮፔችን በ1941 ናዚዎች ገደሉት።

ቀጥሎ የመጣው እንግሊዛዊው ቪንሰንት ዊግልስወርዝ ነው፤ ለንደን በሚገኘው የሐይጅንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። የመረጠው እንስሳ ሮድኒየስ የሚባል የደቡብ አሜሪካ ደም መጣጭ ትኋን ነው፤ ቻጋስ የሚባለውን በሽታ ከሚያስተላልፉት አንዱ። ይሄ ትኋን በአምስት የልጅነት ደረጃዎች ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጊዜ ደም ጠጥቶ ከጠገበ በቂው ነው፤ ከጠጣም በኋላ በታወቀ ቀን ልብሱን ይቀይራል። ይህ ለሙከራ ምን ያህል ምቹ እንደሆነ አስቡት፦ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምርበትን ቅጽበት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ዊግልስወርዝ የትኋኖቹን ጭንቅላት ቆረጠ። ይቅርታ፣ ነገሩ ይዘገንናል፤ ግን ሮድኒየስ ያለ ጭንቅላት ለወራት ይኖራል። ከምግብ በኋላ ቶሎ የተቆረጡት ልብሳቸውን አልቀየሩም። ቆየት ብሎ የተቆረጡት ቀየሩ። ከዚያ ሁለቱን ዓይነቶች በሰም አጣብቆ ፈሳሻቸው እንዲቀላቀል ሲያደርግ፣ የማይቀይሩት የነበሩትም ቀየሩ። እስከዚህ ኮፔችን ማረጋገጥ ነው። ዋናው ነገር የመጣው ዕድሜያቸው የተለያየውን ሲያጣብቅ ነው። ለመጎልመስ የተዘጋጀው የአምስተኛ ደረጃ ትኋን ከአራተኛ ደረጃ ልጅ ጋር ሲጣበቅ ሳይጎለምስ ቀረ፤ በተፈጥሮ የሌለ ስድስተኛ ደረጃ ግዙፍ ልጅ ሆነ። በተቃራኒው፣ ገና አንደኛ ደረጃ ላይ ያለች ሚጢጢ ትኋን ጭንቅላቷ ተቆርጦ ሊጎለምስ ከተቃረበ ጋር ስትጣበቅ፣ እሷም በዚያች ቁመቷ ጎልማሳ መምሰል ጀመረች።

በ1936 ምንጩን ጠቆመ፦ ከአንጎል ጀርባ ያለች ኮርፐስ አላተም የምትባል ትንሽ እጢ። እጢዋ እየሠራች እስካለች ድረስ ነፍሳቱ ልብስ ሲቀይር ልጅ ሆኖ ይቀጥላል። እጢዋ ዝም ስትል ይጎለምሳል። ስለዚህ ምልክቱ ሁለት ነው። አንዱ "ልብስህን ቀይር" ይላል፣ ሌላው "ግን ልጅ እንደሆንክ ቀጥል" ይላል። ሁለተኛው በኋላ የልጅነት ሆርሞን ተባለ። ዊግልስወርዝ ይህን ንጥረ ነገር በትኋን ቆዳ ላይ እንደ ቀለም ተጠቅሞ የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ጽፎበታል፤ ትኋኑ ሲጎለምስ ፊደላቱ ያረፉበት ቦታ ብቻ የልጅ ቆዳ ሆኖ ቀረ። ሳይንቲስት ሲዝናና እንዲህ ነው።

"ልብስህን ቀይር" የሚለውን ሆርሞን ጀርመኖቹ አዶልፍ ቡተናንትና ፒተር ካርልሰን በ1954 ነጥለው አወጡት። ከ500 ኪሎ የሐር ትል ፑፓ ያገኙት 25 ሚሊግራም ነው፤ መቶ የማይሞሉ የጤፍ ፍሬዎች ክብደት ማለት ነው። የልጅነት ሆርሞንን ግን እንዲህ በኪሎ ለቅሞ ማውጣት የሚያስችል ምንጭ ለረጅም ጊዜ አልተገኘም። በ1956 የሃርቫርዱ ካሮል ዊልያምስ ሳይታሰብ አገኘው፦ ሴክሮፒያ የሚባለው ትልቅ የእሳት እራት ወንዱ፣ ለምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ፣ ሆዱ ውስጥ ይህን ሆርሞን አከማችቶ ነበር። በኤተር ሲያወጣው ወርቃማ ዘይት ሆነ። ዘይቱ ፑፓ ላይ ሲቀባ ፑፓው የእሳት እራት መሆን ተሳነው፤ ግማሽ ይህ ግማሽ ያ ሆኖ ሞተ።

እዚህ ላይ ዊልያምስ ያሰበውን ለመረዳት ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል። ዲዲቲ ዓለምን ያስደነቀበት ዘመን ነበር፤ ነፍሳት ገዳይነቱን ያገኘው ፓውል ሙለር በ1948 ኖቤል ተሸልሟል። በረሮዎቹ ግን ሽልማቱን አላከበሩም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴክሳስ ውስጥ ኮርፐስ ክሪስቲ በምትባል ከተማ ክሎርዴን የሚባለው መርዝ የማይገድላቸው የጀርመን በረሮዎች ተገኙ። በ1962 ደግሞ ሬቸል ካርሰን እነዚህ መርዞች ወፉንም ዓሣውንም እንደሚጨርሱ የሚያስረዳውን መጽሐፏን አወጣች። ዊልያምስ በ1967 በጻፈው ጽሑፍ "ሦስተኛው ትውልድ" ያለውን ሐሳብ አቀረበ። አንደኛው ትውልድ አርሴኒክና መሰሎቹ፣ ሁለተኛው ዲዲቲና ዘመዶቹ፣ ሦስተኛው የነፍሳቱ የራሳቸው ሆርሞን። ክርክሩ ማራኪ ነው፦ ሰው ይህ ሆርሞን የለውም፣ ስለዚህ አይጎዳንም፤ ነፍሳት ደግሞ የራሳቸውን ሆርሞን እንዴት አድርገው ይለምዱታል?

በመሃል የተፈጠረውን ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ከፕራግ የመጣው ካሬል ስላማ ከዊልያምስ ጋር ሊሠራ ወደ ሃርቫርድ ሲሄድ የራሱን ነፍሳት ይዞ ነበር፤ ፒሮኮሪስ የሚባሉ ቀይና ጥቁር ትኋኖች፣ ደም ሳይሆን የዛፍ ፍሬ የሚመጥጡ። አገሩ ለዓመታት ያለ ችግር አርብቷቸዋል። አሜሪካ ሲደርሱ ግን ማደግ እምቢ አሉ። አምስተኛው ደረጃ ላይ መጎልመስ ሲገባቸው ስድስተኛ፣ አንዳንዶቹም ሰባተኛ የልጅነት ደረጃ ሆኑና ሞቱ። የሆነ ቦታ የልጅነት ሆርሞን እየገባባቸው ነበር። ከየት?

ሁለቱ ሰዎች መሐንዲስ ብልሽት ሲፈልግ እንደሚያደርገው አደረጉ፤ ፕራግ ከነበረው የተለየውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሱ ፈተሹ። የተገኘው ምን መሰላችሁ? ሳህኑ ላይ የተነጠፈው ሶፍት። የእጅ ማድረቂያ ወረቀቱ! በሌላ ወረቀት ሲተኩት ትኋኖቹ በሰላም አደጉ። ከዚያ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ መሞከር ጀመሩ። ኒው ዮርክ ታይምስና ዎል ስትሪት ጆርናል ላይ ያደጉት ትኋኖች አልጎለመሱም፤ የለንደኑ ታይምስ ላይ ያደጉት ጎለመሱ። ሳይንስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ያስቀራቸዋል፤ ኔቸር የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ምንም አያደርጋቸውም። ጉዳዩ ጽሑፉ ላይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የአሜሪካ ወረቀት ከሚሠራባቸው ዛፎች አንዱ ባልሳም ፈር የሚባል የጥድ ዘመድ ነው፤ ንጥረ ነገሩ ከዛፉ ተነስቶ የወረቀት ፋብሪካውን ሁሉ አልፎ እዚያ ደርሷል። ስላማና ዊልያምስ ይህን በ1965 አሳተሙ፤ በዓመቱ ዊልያም ባወርስና ባልደረቦቹ ንጥረ ነገሩን ለዩት፣ ጁቫቢዮን አሉት። ዛፉ ምናልባት ሚሊዮን ዓመታት ቀድሞን የነፍሳት ሆርሞን አስመስሎ መሥራት ችሎ ኖሯል።

በ1967 ኸርበርት ሮለርና ባልደረቦቹ የእውነተኛውን የልጅነት ሆርሞን ቅርጽ ፈቱ። አሁን መሥራት ነው የቀረው። ግን እንደ እኔ ዓይነቱን ሰው የሚስበው ችግር እዚህ ጋ ይመጣል፦ የተፈጥሮው ሆርሞን ለመድኃኒትነት የማይመች ነው። ቶሎ ይበላሻል፣ ለመሥራትም ውድ ነው። ነፍሳቱ ራሱ ጥቂት ጊዜ ተጠቅሞበት ሊያፈርሰው ነው የሠራው፤ ሳምንታት እንዲቆይ ማን ጠየቀው?

ይህን ሥራ ዋና ንግዷ ያደረገች ዞይኮን የምትባል ድርጅት በ1968 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ ተመሠረተች። መሥራቿ ካርል ጄራሲ ነው። ስሙን ካላወቃችሁት ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ በ1951 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ለወሊድ መከላከያ ክኒን መሠረት የሆነውን ኖሬቲንድሮንን ከሠራው ቡድን መሪ ነበር። ከሰው ሆርሞን ወደ ነፍሳት ሆርሞን ተሻገረ ማለት ነው። የዞይኮን ኬሚስቶች ሆርሞኑን የሚመስል ግን የሚቆይ ሜቶፕሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሠሩ። በ1975 አሜሪካ ውስጥ ለትንኝ መከላከያ ተፈቀደ። እጮቹ ውሃው ውስጥ እየዋኙ ይኖራሉ፣ ፑፓ ይሆናሉ፣ ትንኝ ሆኖ መውጣት ግን አይሆንላቸውም። ሜቶፕሪንን ፀሐይ ቶሎ ስለሚያፈርሰው ቀስ እያለ የሚለቀው ጡብ መሰል ነገር ውስጥ አስገቡት። ከኬሚስትሪው እኩል ይሄ ማሸጊያው ነው መድኃኒቱን መድኃኒት ያደረገው ብዬ አምናለሁ፤ ጎረቤቴ የሆነ ባዮሎጂስት ግን በዚህ አይስማማም።

ወደ በረሮው የደረሰው ሃይድሮፕሪን የሚባለው ወንድሙ ነው፤ በ1980ዎቹ ገበያ ላይ ዋለ። የቤታችን ክብ ፕላስቲክ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ሃይድሮፕሪን በቀስታ ይተናል፤ ከፕላስቲኩ እየወጣ እጃችን የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳ ላይ ያርፋል። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለው ኩብኩባ፣ ሆርሞኑ ከሰውነቱ ጠፍቶ ሊጎለምስ ሲል፣ ከውጭ "ገና ነህ" የሚል ምልክት ይመጣበታል። ልብሱን ይቀይራል፣ ግን የሚወጣው ነገር የተምታታ ነው። ክንፉ ይጠቀለላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መካን ይሆናል። የተባይ ባለሙያዎች ክንፉ የተጠቀለለ በረሮ ሲያዩ ደስ የሚላቸው ለዚህ ነው። አንዲት የጀርመን በረሮ በአንድ የእንቁላል ከረጢት ከ30 እስከ 40 ልጆች ይዛ እንደምትዞር ስታስቡ፣ መካንነት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። በነገራችን ላይ የጀርመን በረሮ ጀርመናዊ አይደለም። ሊኒየስ በ1767 ስሙን ሰጠው እንጂ፣ በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት መነሻው ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት ከሕንድ ወይም ከምያንማር አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል።

አሁን ደካማ ጎኑን አስተውሉ። አስቀድመው የጎለመሱትን በረሮዎች ይህ መድኃኒት አይገድላቸውም። ትንንሾቹም እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ይበላሉ፣ ይሮጣሉ። ብቻውን ከተጠቀማችሁበት ወራት ይፈጃል። ለዚህ ነው ባለሙያው ያን ቡናማ ቅባት ያደረገው፤ እሱ መርዝ ያለው ማጥመጃ ምግብ ነው፣ የጎለመሱትን የሚገድል። እኛ ቤት ግን ትዕግሥት ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ጓደኛችን ሱቅ ሄዶ ፍሊት ገዛና ወጥ ቤቱን በሙሉ፣ ቅባቱ ላይ ጭምር ነፋው። ያን ምሽት የሞቱ በረሮዎች በመጥረጊያ ጠርገን ድል ያደረግን መስሎን ነበር። የፍሊት ሽታ ያለበትን ማጥመጃ በረሮ እንደማይበላ ያወቅነው በኋላ ነው። ባለሙያው ሁለተኛ መምጣት ነበረበት፤ ምን እንዳደረግን ሲሰማ ምንም አልተናገረም፣ ፊቱ ግን ተናገረ።

የጓዳ ተባዮች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይወሳሰባል። የዱቄት ጥንዚዛ እጭ ሜቶፕሪን ባለበት እህል ውስጥ ሲያድግ ፑፓ መሆን አቅቶት እጭ ሆኖ ይቆያል፣ አንዳንዴም ከመጠን በላይ ይገዝፋል። ዱቄቱን የሚበላው ማን ሆነና? እጩ ነዋ! የዛሬው እጭ መብላቱን ቀጠለ፣ የቀረው የሚቀጥለው ትውልድ ነው። እህል ውስጥ ደግሞ እኛ የምናውቀው ነቀዝ አለ። እናቱ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ልጁም እዚያው ፍሬው ውስጥ ተዘግቶ ያድጋል። ከላይ የተረጨው ሜቶፕሪን በደንብ አይደርሰውም፤ ለዚህ ነው ነቀዝ ላይ ደካማ የሆነው። ጓዳችሁ ውስጥ ይህን ብትረጩ የሚጠቅማችሁ ከፍሬው ውጭ ለሚዞሩት፣ ለምሳሌ ዱቄትና ለውዝ ውስጥ ድር ለሚያደሩት የእሳት እራት እጮች ነው። ያም ቢሆን የተበላውን ዱቄት መጣልና መደርደሪያውን ማጽዳት ይቀድማል።

ሌላ መንገድም አለ፤ እሱም በአጋጣሚ ነው የተገኘው። በ1970 አካባቢ ኔዘርላንድ ውስጥ የፊሊፕስ ዱፋር ኬሚስቶች ሁለት የአረም ማጥፊያዎችን አዋሕደው የተሻለ አረም ማጥፊያ ሊሠሩ ሲሞክሩ፣ የወጣው ነገር አረሙን ትቶ ነፍሳትን ገደለ። የሚሞቱት ልብስ ሲቀይሩ ብቻ ነው፤ አዲሱን ጥሩር የሚሠሩበትን ካይቲን ማምረት ስላቃታቸው። ዳይፍሉቤንዙሮን ተባለ። ይህ ለእኛ አገርም ይነካል፦ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ለበረሃ አንበጣ ከሚያውቃቸው መድኃኒቶች ውስጥ ይህና መሰሎቹ አሉበት። ግን ለኩብኩባው ብቻ ነው የሚሠራው። ክንፍ ያወጣው አንበጣ ከእንግዲህ ልብስ ስለማይቀይር ምን ይነካዋል? ከመብረሩ በፊት ካልደረሳችሁበት ዘገያችሁ።

የዊልያምስ ተስፋስ? ግማሹ እውነት ሆነ። ለሰው ያለው መርዛማነት በጣም ዝቅተኛ ነው። "ለነፍሳት ብቻ" የሚለው ግን ልክ አልነበረም፤ ሽሪምፕና ሸርጣን የነፍሳት የሩቅ ዘመዶች ናቸውና የሚቀራረብ ሆርሞን አላቸው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነፍሳቱም ቢሆኑ ወዳጅና ጠላት አይለዩበትም። ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ፌኖክሲካርብ የሚባለው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ፍራፍሬ ላይ ተረጭቶ ወደ ሐር አርቢዎቹ ሲደርስ፣ ትሎቹ እየበሉ ወፈሩ፣ ድር መፍተል ግን አቃታቸው።

"አይለምዱትም" የሚለው ደግሞ ለገበያ እንኳ ሳይደርስ ወደቀ። በ1972 ሌሎች መርዞችን የለመዱ የቤት ዝንቦች ይህንንም የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። በ1986 ቶማስ ዊልሰን ሆን ብሎ ፈለገ፤ የፍራፍሬ ዝንቦች ውስጥ ሜቶፕሪንን ወደ መቶ እጥፍ የሚጠጋ የሚቋቋም ሚውታንት አገኘ፣ ዘረመሉንም ሜት አለው። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጠመዘዘው። ዝንቡ ለምን ተቋቋመ ተብሎ ሲጠና፣ ሜት የሚሠራው ፕሮቲን የልጅነት ሆርሞኑ የሚያርፍበት ራሱ ተቀባዩ እንደሆነ በ2011 ተረጋገጠ። ዊግልስወርዝ ምልክቱን ካገኘ ከ75 ዓመት በኋላ ተቀባዩ የታወቀው፣ መድኃኒቱ አልሠራ ባለበት ዝንብ ምክንያት ነው።

እኛ ቤት አራተኛው ወር ላይ ማታ መብራት ሳበራ የማያቸው በረሮዎች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ነበር። ከእነሱም አብዛኞቹ ክንፋቸው የተጠቀለለ።